ስለ ሸሕዲ ምሳና ስለ ትኵስ ዳቦ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋውን ወደ ኋላው እየተወ በሄደ ቍጥር መጀመሪያ ጋቢውን ያጥፋል፤ ቀጥሎም ኮቱን ያወልቃል። ነጋዴ ባሕርን አልፎ ሸሕዲ በገባ ጊዜ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ሆኖ ይቀበለዋል። ሸሕዲ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ ትባላለች፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከርሷ ወዲያ ኮኪት፥ ከኮኪትም ወዲያ መተማ ዮሐንስ አለች፤ ይህችውም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቈሰሉባት ስለ ሆነች በስማቸው የምትጠራ ናት። ከመተማ ማዶ ገላባት ነው፤ እርሱም የሱዳን አገር ነው። ስለዚህ ስለዚያ አገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጦርነትን ነው። ዛሬ የሚነገረው ግን የምሳ ነገር ነው።

በዚህ ቈላ ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አገር የማዕድ ቤት ሥራ እንደ ደጋው አይደለም። በደጋ ሴት ወጥ ጥዳ ከምድጃው አጠገብ ብትቈይ እሳቱ ያሞቃታል፤ በሸሕዲ ግን በቀትር እሳት አጠገብ መቆም ራሱ ቅጣት ነው። ስለዚህ የቈላ እመቤት እሳትን የሚሻውን ሥራ በማለዳ ትጨርሳለች፤ ለቀትር የምታስቀረው በጥቂት ደቂቃ የሚያልቀውን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በርገር የሚባለው የባዕድ መብል ለዚህ አገር ቤት ከሚታሰበው በላይ የተስማማ ሆኖ ይገኛል፤ ዳቦው በጧት ይጋገራል፥ ሥጋው በቀትር እሳት ላይ የሚቈየው ከዐሥር ደቂቃ አይበልጥምና።

በርገር ማለት የተፈጨ ወይም የተከተፈ የበሬ ሥጋ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ በብረት ምጣድ ከተጠበሰ በኋላ ለሁለት በተሰነጠቀ ክብ ዳቦ መካከል ገብቶ የሚበላ ነው። ሙሉ ስሙ ሐምበርገር ነው። በእንግሊዝ ቋንቋ «ሃም» የዐሣማ ሥጋ ስም ስለ ሆነ ይህን ስም ሰምተው እጃቸውን የሚሰበስቡ ጥንቁቆች አሉ፤ ጥንቃቄያቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ስሙ የመጣው ከሐምቡርግ ነው፤ ይህም በጀርመን አገር በሰሜን በኩል ያለ የወደብ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰዎች የከተማቸውን የተፈጨ ሥጋ አሠራር ይዘው ሄዱ፤ በዳቦ መካከል ያስገቡት ግን አሜሪካውያን ናቸው ይባላል፤ ማን ፊተኛ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ካንሳስ በሚባለው አገር በዊቺታ ከተማ አንዱን በ5 ሳንቲም የሚሸጥ ቤት ተከፈተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ማክዶናልድ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች በካሊፎርንያ ያለውን መብል ቤታቸውን አስተናጋጅ አስቀርተው ሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ እንዲሠራ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በርገር የጥድፊያ መብል ተባለ።

ነገር ግን በዚያ ጥድፊያ ውስጥ የተሸሸገ ነገር አለ። መብሉ በአንድ አፍታ የሚደርሰው ዳቦውን ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለ ጋገረው ነው። ዳቦው በፋብሪካ ይጋገራል፥ በከረጢት ይታሰራል፥ በመኪና ይጫናል፤ ወደ ምጣዱ በደረሰ ጊዜ ዕድሜው ስንት ቀን እንደ ሆነ የሚበላው ሰው አይጠይቅም። በሥጋው ጣዕምና በቅመሙ ስለሚሸፈን እንደ መያዣ ብቻ ይቈጠራል። የቅኔ ተማሪ ቢያየው ዳቦው ሰም፥ ሥጋው ወርቅ ነው ይል ይሆናል። የሸሕዲዋ እናት ነገር ግን የሚያሳየው ሌላ ነው።

ይህች እናት አንድ የ12 ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ክረምቱን ጎንደር ከአጎቱ ዘንድ ሰንብቶ በተመለሰ ጊዜ፥

«እማዬ፥ በርገር ሥሪልኝ» አላት።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነው፤ መካከሉ ሥጋ ያለበት። ዳቦው ክብ ነው፥ ይህን ያህል» ብሎ በሁለት እጁ ለካላት፤ «ከላዩ ሰሊጥ አለበት።»

እናቲቱ የልጁን እጅ አይታ፥ «እንግዲያስ ሙልሙል ነዋ!» ብላ ሣቀች። እውነቷን ነው። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ ሲዘምሩ የሚሰጣቸው ያ ለአንድ ሰው የሚበቃ ትንሽ ዳቦ ከበርገር ዳቦ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ልጁ ከጎንደር እንደ አዲስ ነገር ያመጣውን እናቱ ገና በልጅነቷ ለቡሄ ስትጋግረው ኖራለች። ልዩነቱ የበርገር ዳቦ ለስላሳ እንዲሆን በሊጡ ዘይትና ጥቂት ስኳር ስለሚገባ ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። 4 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄትና 1 ብርጭቆ የማሽላ ዱቄት ነፍታ ትቀላቅላለች። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ደረቅ የፋብሪካ እርሾ፥ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፥ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው ትጨምራለች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ብርጭቆ ተኩል በሚያህል ውኃ ታቦካዋለች። እንቍላልና ወተት አታገባም። ይህን የምታደርገው አንዱ አሠራር ለፍስክም ለጾምም እንዲሆናት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ በሚመጣ ጊዜ ሌላ ሊጥ መፈለግ የለባትም። ሊጡን እጅ እስኪለቅ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ታሸዋለች።

ማሽላው ለምን እንደ ገባ መናገር ያስፈልጋል። ሸሕዲ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት፤ የስንዴ አገር አይደለችም። ስንዴው ከደጋ ወርዶ ይገዛል። በስንዴ ውስጥ ሊጡን እንደ ጅማት የሚይዘው፥ እርሾው የሚያወጣውን አየርም አፍኖ ዳቦውን የሚያነሣው ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ በማሽላ ውስጥ ይህ የለም። ስለዚህ የማሽላ ሊጥ ብቻውን ቢጋገር ቂጣ ይሆናል እንጂ አይነሣም። ነገር ግን ከአምስት እጅ አንዱን ማሽላ ቢያደርጉት ዳቦው መነሣቱን አይተውም፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል፤ የስንዴውም ወጪ ይቀንሳል። ይህን ያስተማራት ትምህርት ቤት አይደለም፤ የዱቄት ዋጋ ነው።

በደጋ፥ ለምሳሌ በደባርቅ፥ ሊጥ ተቦክቶ እስኪነሣ ድረስ ብዙ ሰዓት ያስጠብቃል፤ ሴቲቱ በጋቢ ጠቅልላ ከእሳት አጠገብ ታኖረዋለች። በሸሕዲ ነገሩ የተገለበጠ ነው። እርሾ ሕያው ነገር ነው፤ እጅግ የሚሠራው ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ በቈላ ቤት ውስጥ ይህ ሙቀት ማንም ሳይደክምበት ይገኛል። ስለዚህ ሊጡ በ40 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ እመቤቲቱ ጎረቤት ቡና ጠጥታ ብትዘገይ ሊጡ አልፎ ይኰመጥጣል፥ አየሩም አምልጦ ይወድቃል። ደጋ ለሰነፍ ጋጋሪ ጊዜ ይሰጣል፤ ቈላ አይሰጥም። ስለዚህ ይህች እናት የምታቦካው በቀዝቃዛ የእንስራ ውኃ ነው፤ ሊጡንም እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ከእንስራው ጥግ ታስቀምጠዋለች።

በተነሣ ጊዜ ከ10 ትከፍለዋለች፤ እያንዳንዱን በመዳፏ ሥር እያንከባለለች ታድቦለቡለዋለች፥ ጥቂትም ትጫነዋለች፤ እንደ ገና ሩብ ሰዓት ታሳርፈዋለች። ከላዩ ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ ታብሰዋለች፤ ሰሊጥም ትበትንበታለች። ምጣዱን ጥዳ ዳቦዎቹን ትደረድርበታለች፤ የብረት ክዳን ደፍታም ከክዳኑ ላይ ፍም ትጭናለች፤ እሳቱ ከላይና ከታች ይሆናል ማለት ነው፥ እንደ ድፎ። ከላይ ያለው ፍም ከበዛ ሰሊጡ ያርራል፥ የመረረ ሰሊጥም ዳቦውን ሁሉ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ፍሙ በዙሪያው እንጂ በመካከሉ አይደረግም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ዳቦው ይበስላል። ሰዓቱ ገና ከጧቱ 3 ሰዓት ስለ ሆነ እሳቱ ይጠፋል፤ ቤቱም ከቀትር በፊት ይበርዳል።

በዚያ ሰሊጥ ነገር ጥቂት መቈየት ይገባል። ሰሊጥ ከሰኔ እስከ ሐምሌ ይዘራል፥ በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል። አጨዳው ቀን የማይሰጥ ሥራ ነው፤ ከረጢቱ ፈጽሞ ከደረቀ ራሱ ተከፍቶ ፍሬውን በመሬት ላይ ይረጨዋልና፥ ገና ቢጫ ሲሆን መታጨድ አለበት። ስለዚህ በዚያ ወራት ሳሉግ የሚባሉ የቀን ሠራተኞች በብዙ ሺሕ ከደጋው እየወረዱ መተማን ይሞሏታል። ያጨዱትን እያሰሩ ሂላ በሚባል ክምር ቀጥ አድርገው ያቆሙታል፤ በደረቀም ጊዜ በሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል። በዚህ ሥራ ላይ ወባ አለ፤ በሌሊት የምትነድፍ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው ካላዛር የሚባለውም ክፉ በሽታ አለ። ደገኛው ወደ ቈላ የሚወርደው ይህን እያወቀ ነው።

የዚህ አገር ሰሊጥ ነጭና ጣፋጭ ስለ ሆነ በዓለም ገበያ ለዳቦ መጋገሪያና ለጠሒና ይፈለጋል፤ ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የኢትዮጵያን የውጭ ንግድ ሲደግፍ ኖሯል፤ ወደ ቻይና፥ ወደ እስራኤል፥ ወደ ጃፓንም ይሄዳል። እንግዲህ በሩቅ አገር ሰሊጥ የተበተነበትን ዳቦ የሚበላ ሰው ያቺን ፍሬ ማን እንዳራገፋት አያውቅም። ከሸሕዲ የሚጫነው ጆንያ ብዙ ነው፤ በሸሕዲ ዳቦ ላይ የሚበተነው ግን ጥቂት ነው። ይህ እናቲቱን ያሳዝናት ነበር ለማለት አይቻልም፤ ባሏ ከእርሻ ሲመለስ በኪሱ ቀርቶ ያመጣውን እፍኝ ሰሊጥ በቈርቈሮ ጣሳ ታጠራቅማለች፤ ለዳቦው የምትበትነውም ያንኑ ነው።

ሥጋውን የምትገዛው በማለዳ ነው፤ የምትከትፈው ግን ልጁ ከትምህርት ቤት ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ይህም ልማድ ብቻ አይደለም። ሥጋ ሳይከተፍ ቢቀመጥ ተሐዋስያኑ ያሉት በላዩ ነው፤ እሳት በነካው ጊዜ ይሞታሉ። በተከተፈና በተፈጨ ጊዜ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በቈላ ሙቀትም በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ይራባል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ ለብ ብሎ መሐሉ ቀይ እንደ ሆነ ሊበላ አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ምዕራብ በኩል በደንብ ያልበሰለ በርገር ከ700 ሰው በላይ አሳመመ፥ 4 ሕፃናትንም ገደለ። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሊቃውንት የተፈጨ ሥጋ መካከሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ይብሰል ብለው ያስተምራሉ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ለሚወድ ለኢትዮጵያዊ ይህ ነገር ከባድ ይመስለዋል፤ ክትፎ ወዳዱ እንደ ልማዱ ይሁን፤ ለልጅ በሚሰጥ በርገር ግን መከራከር አያስፈልግም። ሥጋው ሲወጋ የሚወጣው ውኃ ቀይ ከሆነ እንደ ገና በእሳቱ ላይ ይቈይ።

የቈላ ከብት ሥጋ ጮማ የሌለው ደረቅ ነውና እናቲቱ ከኩላሊት አካባቢ ያለውን ጮማ ጥቂት ታክልበታለች። በሁለት ቢላዋ ትከትፈዋለች እንጂ አታስፈጨውም፤ በእጅ የተከተፈው ሲጠበስ እርጥበቱን ይይዛል። ሽንኵርትና ሚጥሚጣ ጥቂት ትጨምራለች። ጨው ግን አስቀድማ አታገባም፤ ጨው ከሥጋው ጋር ከታሸ ሥጋው እንደ ቋሊማ ይጠነክራልና በምጣዱ ላይ ካደረገችው በኋላ ትነሰንስበታለች። ከጠፈጠፈችው በኋላ መካከሉን በአውራ ጣቷ ጐድጐድ ታደርገዋለች፤ ይህ ካልሆነ ሥጋው ሲጠበስ እንደ ኳስ ይነፋል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ቢሆንም መልካሙን ከመናኛው የሚለዩት እነርሱ ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ቀን ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ልጁም መጥቶ ሊበሉ ሲቀመጡ ጎረቤቲቱ ጣሳ ልትመልስ ወደ ደጅ ብቅ አለች። ይህች ጎረቤት የካርቱም ሴት ናት፥ በዕድሜም ትበልጣለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በመተማ በኩል ከገቡት ከብዙ ሺሕ ሰዎች አንዷ ናት፤ በገበያ ለመግባባት የሚበቃ አማርኛም ተምራለች።

«እናቴ፥ ይግቡ፤ ምሳ ደርሷል» አለች እመቤቲቱ። እንግዳ በደጅ ቆሞ ምሳ አይበላምና። ግን ቃሉ ካፏ በወጣ ጊዜ ነገሩን አሰበችው፤ ጎረቤቲቱም በዚያው ጊዜ አሰበችው። በኢትዮጵያ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን፥ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ይህ በሁለቱም ወገን የተጠበቀ ልማድ ነው፥ በዚህ የተነሣም ጎረቤት ከጎረቤቱ አይጣላም፤ በሰርግ ጊዜ ለእንግዳው ለብቻው ይታረዳል። በዚያ ቀትር ግን ለብቻው የታረደ አልነበረም።

ሴቲቱ ገባች፥ ተቀመጠችም። አንዱን ዳቦ አንሥታ ሸተተችው፤ «እኔ ዳቦውን እበላለሁ» አለች። ቲማቲምና ሽንኵርት ቀረበላት፤ እርሷ ግን ባዶውን ቈርሳ በላች።

ልጁ፥ «ለምን ሥጋውን አይበሉም?» አለ። እናቱ በዐይኗ ገሠጸችው።

ጎረቤቲቱ ሣቀች። «ልጄ፥ ስለ ዳቦ የማታውቀው አለ» አለችው። «በካርቱም ዳቦ ለመግዛት ሌሊት ተነሥተን እንሰለፍ ነበር።»

የሚነግረው ሰው ካገኘ ይህ ነገር ታላቅ ታሪክ ነው። ሱዳንም እንደ መተማ ጥንት የማሽላ አገር ናት፤ ሕዝቡ ኪስራና ዐሲዳ የሚለው ከማሽላ የሚሠራ ነው። በኋላ ከተሞቹ የስንዴ ዳቦ ለመዱ፤ ስንዴው ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበርና የዳቦው ዋጋ በመንግሥት እጅ ላይ ወደቀ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንዱ ዳቦ ዋጋ በአትባራ ከ1 ፓውንድ ወደ 3 ፓውንድ ወጣ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን ሕዝቡ በዚያች ከተማ ተነሣ። አራት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. 30 ዓመት ያህል የገዛው ዑመር አል በሽር ከሥልጣኑ ወረደ። ያን መንግሥት ያወረደው ዳቦ ብቻ አይደለም፥ ብዙ በደል ነበር፤ መጀመሪያ ያስጮኸው ግን ዳቦው ነው። በሌላው ወጥ ቤት ዳቦ የሥጋ መያዣ ነው፤ ለዚያች ሴት ግን ዳቦው ራሱ ነገሩ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለየው ሰው እዚህ ላይ የትኛው ወርቅ እንደ ሆነ ደግሞ ይመርምር።

ሴቲቱ ሁለተኛውን ዳቦ ቈርሳ አላመጠችና፥ «ማሽላ አለበት» አለች።

«አለበት፤ ከአምስት አንድ እጅ ነው።»

«እኛ ለየብቻ ነበር የምንበላው። ኪስራው ለብቻ፥ ዳቦው ለብቻ» ብላ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፥ «ዓርብ ሥጋ አትበሉም አይደል?» ብላ ጠየቀች።

«አንበላም፤ ጾም ነው።»

«እንግዲያስ ዓርብ እኔ አመጣለሁ፤ አንቺ ዳቦውን ጋግሪ።»

ያመጣችው ጣዕሚያ ነው። ይህ መብል በግብጽ ከባቄላ፥ በሱዳን ከሽምብራ ይሠራል። ሽምብራው ሐሙስ ማታ በውኃ ተነክሮ ያድራል፤ አይቀቀልም። ዓርብ ጧት ውኃው ተጠሎ ጥሬው ከነጭ ሽንኵርት፥ ከቀይ ሽንኵርት፥ ከድምብላልና ከጨው ጋር ይወቀጣል ወይም ይፈጫል። ተቀቅሎ ቢሆን በዘይት ውስጥ ይበተን ነበር፤ ጥሬ ሲሆን ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። ሽምብራው ከደንቢያ የመጣ፥ ከሸሕዲ ገበያ የተገዛ ነበር። በካርቱም እንደ ትንሽ ኳስ ያድበለብሉታል፤ ሴቲቱ ግን የማክሰኞውን ሥጋ ቅርጽ አይታ ነበርና እንደ ቂጣ ጠፈጠፈችው፤ ሰሊጥም በሁለት በኩል አጣበቀችበት። በፈላ ዘይት በየወገኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ተጠበሰ፤ ላዩ ቡናማ፥ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ድምብላሉን ከነቅጠሉ አግብታበት ነበርና። ለመቀባት ሰሊጥ ቈልታ ወቀጠች፤ በሎሚና በውኃም በጠበጠችው፤ ይኸውም ጠሒና የሚባለው ነው። በዚያ ቤት ከጣሳው የተረፈው ሰሊጥ በዚያ ቀን አለቀ።

ዓርብ ለአንደኛዋ የጾም ቀን፥ ለሌላይቱ የጁምዓ ቀን ነው። ምሳው ከቅዳሴም ከስግደትም በኋላ ሆነ፤ በጾም ቀን የሚበላበት ሰዓት ይዘገያልና ልጁ ራበኝ እያለ ሁለቱን ሴቶች ሲያስቸኵል ዋለ። በቀረበ ጊዜ ዳቦዎቹ 10 ነበሩ፤ ከጎረቤቲቱ ቤት ሁለት ሕፃናት፥ ከዚህ ቤት ሦስት ሰው፥ እርሷም ራሷ ስድስተኛ። ሥጋ የሚበላና የማይበላ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ባዶ ዳቦ አልበላም። ልጁ የጎንደሩን አስታውሶ፥ ያኛው ዳቦ ይለሰልሳል፥ ይህኛው ግን ይሸታል አለ፤ በጎ ሽታ ማለቱ ነው። እናቱ ይህን ምስጋና አድርጋ ተቀበለችው።

ጎረቤቲቱ ልትሄድ በተነሣች ጊዜ፥ «ልጄ፥ ከሊጡ የቀረ አለ?» አለቻት።

ለማግሥት ለእርሾ የተቀመጠ ነበር። እመቤቲቱ ከዚያ ላይ እፍኝ ያህል ቈርሳ በትንሽ ሣህን አደረገችላት፤ የማሽላውንም ልክ በብርጭቆ አሳየቻት። ሴቲቱ ከካርቱም ከወጣች ወዲህ በእጇ ሊጥ አልያዘችም ነበር። ሣህኑን እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ከነጠላዋ ሥር ያዘችው፤ ፀሐዩ ገና ብርቱ ስለ ነበረ ሊጡ ሳይገነፍል ለመድረስ በግድግዳው ጥላ ፈጥና ሄደች።